ባዶ እግሮች በሣር ላይ፦ የዊንስሎ ሆመርን ሥዕል በወይራ እንጨት ስቀርጽ የያዝኩት ማስታወሻ

መነሻ

አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንስሎ ሆመር እ.ኤ.አ. በ1873 ሃርፐርስ ዊክሊ በተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ካወጣው የገጠር ልጆች ሥዕል ቁራጭ ወስጄ እንጨት ላይ ልቀርጽ ነው። ሙሉውን አይደለም። ሙሉው የጋዜጣውን ሁለት ገጽ ይይዛል፤ ወርዱ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እኔ የመረጥኩት የታችኛውን ክፍል ነው፤ ሣሩን፣ የሜዳ አበባውንና የሚሮጡትን ባዶ እግሮች።

ሥዕሉ «ስናፕ ዘ ዊፕ» ይባላል። የልጆች ጨዋታ ስም ነው። ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ መስመር ይሮጣሉ። አንደኛው ጫፍ ላይ ያሉት ድንገት እግራቸውን ተክለው ይቆማሉ። ኃይሉ በተያያዙት እጆች ውስጥ አልፎ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያሉትን ያሽቀነጥራቸዋል። ሆመር የያዘው ያቺን ቅጽበት ነው። በቀኝ ያሉት ወደ ኋላ ተለጥጠው ይጎትታሉ። በግራ ያሉት እጃቸው ተላቆ መሬት ላይ ወድቀዋል። ከኋላ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ይታያል። ሰዓቱ የእረፍት ነው።

ሆመር ይህን መጀመሪያ በ1872 በዘይት ቀለም ሠራው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። አንዱ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አለ። ሌላው ኦሃዮ ውስጥ ያንግስታውን በምትባል ከተማ በትለር በሚባል ሙዚየም ይገኛል። ዛሬ ሰው የሚያውቀው የዘይት ቀለሙን ነው። በጊዜው ግን አብዛኛው አሜሪካዊ ልጆቹን ያያቸው ጋዜጣ ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ በ10 ሳንቲም ነው። ገበሬውም ባለሱቁም መምህሯም ያዩት ያንን ነው። ግድግዳ ላይ የለጠፉትም እሱን ነው።

ሆመር የቦስተን ልጅ ነው፤ በ1836 ተወለደ። ወጣት ሳለ ቡፎርድ በሚባል የሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ከተሣለ ሥዕል የሚያትም፣ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። ሥራውን ፈጽሞ አልወደደውም። ከዚያ ከወጣ በኋላ በማንም ሥር ተቀጥሮ ላለመሥራት ወሰነ። ሃርፐርስ ቋሚ ሥራ ቢሰጠውም እምቢ ብሎ በየሥዕሉ እየተከፈለው መሥራትን መረጠ። ከ1857 ጀምሮ እስከ 1870ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለጋዜጣው ሣለ። በቆሎ የሚፈለፍሉ ጎረቤቶች፣ ድርቆሽ የሚሰበስቡ ሰዎች፣ የዱር ፍሬ የሚለቅሙ ልጆች፣ ዓሣ የሚጠብቁ ወንድ ልጆች አሉት። በመካከል የርስ በርስ ጦርነቱ መጣና ግንባር ድረስ ሄዶ ወታደሩን ሣለ።

ለዚህ ሁሉ ሰዉ የሚያመሰግነው ሆመርን ነው። ይገባዋል። እኔ ግን ከዓመታት ጀምሮ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው፤ እንጨቱን ወደ ቀረጸው። በዚያ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ሥዕል መጀመሪያ እንጨት ላይ ይቀረጽ ነበር። ሆመር ሣለ እንጂ አልቀረጸም። እኛ የምናየው እያንዳንዱ መስመር ከሌላ ሰው እጅ የወጣ ነው። የብዙዎቹ ስም ከሥዕሉ ጋር አልተጻፈም። ያ ሰው ምን እንደሠራ በጣቴ ማወቅ ፈለግኩ። ሥራውን የጀመርኩት ለዚህ ነው።

እንጨቱ

በሆመር ዘመን ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እንጨት ቦክስውድ ነበር። በአብዛኛው ከቱርክና ከካውካሰስ አካባቢ በመርከብ ይመጣል። በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ እንጨት ነው። እዚህ አዲስ አበባ አላገኘሁትም። ስለዚህ ወይራ መረጥኩ። ወይራም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የወይራ ዱላ የያዘ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል።

አንድ ወዳጄ ግቢው ውስጥ ቆሞ የደረቀ የወይራ ዛፍ ነበረው። ግንዱን ወደ ሰፈራችን አናጺ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ አግድም ቆራርጡልኝ» አልኳቸው። መጋዛቸውን ይዘው ቆሙና ግንዱን ደጋግመው አዩት።

«አግድም? ልጄ፣ ይሰነጠቅብሻል።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ጣውላ አይደለም የምፈልገው። ፊቱ የዕድሜ ቀለበቱ የሚታይበት መሆን አለበት።»

ምክንያቱ ይህ ነው። ተራው የእንጨት ቅርጽ የሚሠራው በጣውላ ፊት ላይ ነው። ጣውላ ጅማት አለው። ስለት ሲሄድበት ወደ ጅማቱ ይስበዋል፤ ቀጭን መስመር አያስኬድም። ግንዱ አግድም ሲቆረጥ ግን ጅማቱ በሙሉ ወደ ላይ ይቆማል። ያኔ ስለቱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያለ ችግር ይሄዳል። ከፀጉር የቀጠነ መስመር ማውጣት ይቻላል። ይህን ዘዴ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ትልቅ ደረጃ ያደረሰው እንግሊዛዊው ቶማስ ቢዊክ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ደግሞ የኒውዮርኩ አሌክሳንደር አንደርሰን ነው። አንደርሰን ሐኪም ነበር። በ1798 ቢጫ ወባ ቤተሰቡን ሲጨርስበት ሕክምናውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለቀረጻ ሰጠ። የአሜሪካ ጋዜጣ ሥዕል በዚህ ሰው ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጋሼ ቆራረጡልኝ። ጠርዝ ጠርዙን ሰም ቀብቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰሙ እንጨቱ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይረዳል።

ከደረቀ በኋላ

ጋሼ እንዳሉት አንዳንዱ ከመሃል እስከ ልጡ ተሰንጥቋል። የወይራ ጠባይ ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ከዚያ ላይ ንጹሕ ንጹሑን አራት ማዕዘን አድርገን አወጣን። ትልቁ ከመዳፌ አይበልጥም።

እዚህ ላይ ሥራው ራሱ ወደ ታሪኩ አስገባኝ። ቦክስውድም ግንዱ ቀጭን ነው። ከእሱ ሁለት ገጽ ጋዜጣ የሚሸፍን አንድ ወጥ እንጨት አይወጣም። ስለዚህ ትልልቆቹ የጋዜጣ ሥዕሎች ከትናንሽ ቁራጮች የተገጣጠሙ ነበሩ። ቁራጮቹ ከጀርባ በቡሎን ይታሰራሉ። ሥዕሉ ተገጣጥሞ እያለ ይሣላል። ዋናው ቀራጭ መጋጠሚያው ላይ የሚያልፉትን መስመሮች ቀድሞ ይቀርጻል። ከዚያ ቡሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለየቀራጩ ይከፋፈላሉ። አንዱ ሰማይ ይሠራል፣ ሌላው ልብስ፣ ልምድ ያለው ፊት። የቸኮለ ዜና ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። ሲጨርሱ ቁራጮቹ ተመልሰው ይታሰራሉ፤ ዋናው ቀራጭ የእጆቹን ልዩነት ያስተካክላል።

ይህን ካወቁ በኋላ የዘመኑን ትልልቅ የጋዜጣ ሥዕሎች ማየት ይለወጣል። ዓይን ሲለምድ፣ ሰማዩ ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ቀጥ ብላ የምታልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ያገኛል። እንጨቶቹ የተጋጠሙበት ቦታ ናት። ከመስመሯ ወዲህና ወዲያ የአቀራረጹ ጠባይ ሲለያይም ይታያል። ወዲህ ያለው እጅ ጥብቅ ነው፤ ወዲያ ያለው ለቀቅ ያለ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሠሩት ሰማይ ነው።

እኔም ሁለት ቁራጭ አጋጠምኩ። ቡሎኑን ትቼ በኮላ አጣብቄ ሞርሳ ውስጥ አሳደርኩት። በማግሥቱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው እስከ ለስላሳው፣ ፊቱ መስታወት እስኪመስል አለሰለስኩት። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የሚወራ ነገር የለውም።

ሥዕሉን ወደ እንጨቱ ማሻገር

ዘመዴ ከሜሪላንድ የላከችልኝ እውነተኛው የጋዜጣ ገጽ አለኝ። እንዲህ ዓይነት አሮጌ ገጾች በብዛት ስለታተሙ ዛሬም ብዙ ሳያስወጡ ይገኛሉ። ሙዚየሞቹም ጥራት ያለውን ቅጂ በኢንተርኔት በነጻ ይለቃሉ። ለማነጻጸር ሁለቱንም ተጠቀምኩ። ወረቀቱ ግን የሚነግረው የተለየ ነገር አለ። ከጀርባው ጣትን ቢያሳልፉ ጥቁሩ የበዛበት ቦታ ላይ የማተሚያው ጫና ይታወቃል።

እንጨቱን ነጭ ቀለም በስሱ ቀባሁት። የዚያን ጊዜ ሠዓሊዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ እርሳሱ እንዲታይ ነው። ከዚያ በስስ ወረቀት የገለበጥኩትን ሥዕል አዙሬ አስተላለፍኩ። ሲታተም ስለሚገለበጥ እንጨቱ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ መሣል አለበት። ወደ ቀኝ የሚሮጠው ልጅ ወደ ግራ ይሮጣል። የሠዓሊው ፊርማ ሳይቀር ተገልብጦ ይጻፋል።

ሆመር በአብዛኛው በቀጥታ እንጨቱ ላይ ነበር የሚሥለው። ይህ ማለት ቀራጩ ሥራውን ሲጨርስ የሆመር ሥዕል የለም ማለት ነው። እርሳሱና ቀለሙ ከእንጨቱ ጋር ተፍቆ ሄዷል። የቀረው የቀራጩ ነው። ይህን ሳስበው የምር ይገርመኛል። አንድ ሰው የታላቅ ሠዓሊ የእጅ ሥራ ፊቱ ተቀምጦለት፣ እያጠፋ ነው የሚያተርፈው። ምን ያህል ጥንቃቄ ይጠይቅ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች

አቀማመጡ እንዲህ ነው። በአሸዋ የተሞላ የቆዳ ትራስ አለ። እንጨቱ ትራሱ ላይ ይቀመጣል። ቀኝ እጅ ቡሪኑን ይይዛል፤ እጀታው መዳፍ ውስጥ ገብቶ አመልካች ጣት ስለቱን ይመራል። ቡሪን ጫፉ በሰያፍ የተሞረደ ቀጭን ብረት ነው። ቀኝ እጅ ወደ ፊት ይገፋል፤ ግራ እጅ እንጨቱን ያዞራል። ክብ መስመር የሚወጣው ቡሪኑ ዞሮ አይደለም፤ እንጨቱ ዞሮለት ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የምቀርጸው ነጩን ነው። ያልነካሁት ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። እርሳስ የለመደ እጅ ጥላ ይፈልጋል። እዚህ ግን የሚፈለገው ብርሃኑ ነው፤ ብርሃኑ የት እንዳረፈ አይቶ እዚያው ላይ መጫር።

በሣሩ ጀመርኩ። ማጉያ መነጽር ይዤ የጋዜጣውን ሣር ስመረምር ሁለት ዓይነት አሠራር አየሁ። ከፊት ያለው ሣር ነጭ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ የቡሪን ምት ነው፤ ከታች ገባ ብሎ ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይጠፋል። ከጥቁሩ ውስጥ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ብርሃን የበዛበት ቦታ ላይ ያለው ሣር ግን ጥቁር ነው። እዚያ ቀራጩ የሣሩን ቅጠል ትቶ ግራና ቀኙን ነው የቆፈረው። አንዷን ጥቁር ቅጠል ለማስቀረት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መጫር፣ ከዚያም በመሃል ያለውን መጥረግ ያስፈልጋል። ነጩ ሣር በአንድ ምት ያልቃል። ጥቁሩ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ተጠላልፈው ያድጋሉ። የሚያየው ሰው ሣር ብቻ ነው የሚያየው።

ከዚያ እግሩ። አንዱ ልጅ እግሩን ከመሬት አንስቷል፤ ውስጥ እግሩ ወደ እኛ ነው። ተረከዙ ክብ እንዲመስል መስመሮቹ ተረከዙን ተከትለው መታጠፍ አለባቸው። ብርሃን ያረፈበት ጋ ነጩ መስመር ይወፍራል፣ ወደ ጥላው ሲወርድ ይቀጥናል። የመስመሩ ቁጥር አይለወጥም፤ የሚለወጠው ውፍረቱ ነው። ይህን በእጅ ግፊት ብቻ ነው የሚያደርጉት። ትንሽ ጫን ሲሉ ይወፍራል፣ ለቀቅ ሲሉ ይቀጥናል። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የወጣው ከሁለት መስመሮች መካከል አንዷ ትንሽ ስለታጠፈች ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። የማላውቀው ሰው ከ150 ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ላይ እንደኔ እጁን አቀዝቅዞ እንዳለፈ ይሰማኛል።

ጥላው

ዛሬ የሱሪውን እጥፋት ጀመርኩ። እዚህ ላይ የቀራጮቹን ድካም በደንብ አወቅኩት።

ሠዓሊ ጥላ ሲፈልግ መስመር በመስመር ላይ ያቋርጣል። በብዕር ከሆነ ደቂቃ አይፈጅም። እንጨት ላይ ግን መስመሮቹ ጥቁር ሆነው እንዲቀሩ፣ በመካከላቸው ያለችውን እያንዳንዷን ነጭ ማዕዘን ለብቻ ቆፍሮ ማውጣት ነው። አንዷ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች። አራት ጎን አላት። ከአራቱም በኩል ሳያልፉ መጫር፣ ጫፏ ላይ ማቆም፣ ከዚያ መፈንቀል። የአንድ ጉልበት ጥላ በደርዘን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ማዕዘኖች አሉት። ሠዓሊው ቸኩሎ የሞነጫጨረውን ቀራጩ አንድ በአንድ ይለቅመዋል።

ለዚህ ነው ቢዊክና ተከታዮቹ ነጭ መስመርን የመረጡት። ከእንግሊዝ መጥቶ አሜሪካ የኖረው ዊልያም ጄምስ ሊንተንም ለዚህ አሠራር አጥብቆ ተከራክሯል። ቀራጭ የሌላውን እርሳስ የሚገለብጥ ብቻ ሳይሆን በራሱ መስመር የሚያስብ መሆን አለበት ባይ ነበር። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። በአንድ ነጭ ምት የተሠራው ሣር፣ ሰው ለፍቶ ካስቀረው የጥላ ማቋረጫ ይልቅ ሕይወት አለው።

ሊንተን ካስተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ኒውዮርክ ያለው ኩፐር ዩኒየን ነው። ትምህርት ቤቱ ለሴቶች በነጻ የቀረጻ ሙያ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ቁጭ ብላ፣ በእጇ፣ ራሷን የምታስተዳድርበት የተከበረ ሙያ በቀላሉ አይገኝም ነበርና ብዙዎች ገቡበት። ቡሪን በያዝኩ ቁጥር እነሱን ማሰብ ደስ ይለኛል።

የጋዜጣው ቀን

ማታ ነው። እጄ ደክሞ የጋዜጣውን ራስጌ ሳነብ ቆየሁ። ሴፕቴምበር 20፣ 1873 ይላል።

ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ጄይ ኩክ የተባለው ትልቅ የባንክ ድርጅት ከስሮ ነበር። በ20ኛው ቀን የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በሩን ዘጋ። ለዓመታት የዘለቀ የኢኮኖሚ ቀውስ በዚያ ሳምንት ጀመረ። የባቡር መስመር ግንባታ ቆመ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ሥራ አጡ በዛ። ሰዎች ያን ቀን የያዘውን ጋዜጣ ሲገልጡ መሃል ላይ የሚያገኙት ግን በባዶ እግራቸው ሣር ላይ የሚሮጡ ልጆችን ነው።

ሆመር ቀውሱን አስቦ አልሣለውም፤ ሥዕሉ ቀድሞ የተሠራ ነው። የርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ግን ስምንት ዓመት ነው። ጦርነቱ ከ600 ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል። በ1870ው ቆጠራ ከአራት አሜሪካዊ ሦስቱ ገና ገጠር ነበሩ፤ ወጣቱ ግን ወደ ከተማ እየፈለሰ ነበር። ባለ አንድ ክፍሉ ትምህርት ቤትም ለብዙው አንባቢ ጥሎት የመጣው የልጅነቱ ቦታ ነው። ሥዕሉ ያን ያህል የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ልጆቹ ላይ ግን ውሸት የለባቸውም። ሱሪያቸው ለታላቅ ወንድም የተሰፋ ይመስላል፣ የተጣፈም አለ። የወደቀው በእውነት ወድቋል።

ሁሉም የገጠር ሥዕል እንዲህ አልነበረም። በዚያው ዘመን በዚያው ኒውዮርክ ኩሪየርና አይቭስ የሚባሉ አሳታሚዎች ነበሩ። እነሱ የሚያትሙት በድንጋይ ላይ፣ በሊቶግራፍ ነው። ከ7,000 በላይ የተለያዩ ሥዕሎች አውጥተዋል። ትናንሾቹ በሳንቲም ይሸጡ ነበር። በጥቁር ከታተሙ በኋላ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው በእጅ ቀለም ይቀቧቸዋል፤ አንዷ ሰማያዊውን ቀብታ ለቀጣይዋ ታሳልፋለች፣ ቀጣይዋ አረንጓዴውን። ከሠዓሊዎቻቸው አንዷ ከእንግሊዝ የመጣችው ፋኒ ፓልመር ናት፤ ቤተሰቧን ያስተዳደረችው በዚህ ሥራ ነው። የኮኔቲከቱ ጆርጅ ዱሪ የሣለው በረዶ የለበሰ የገበሬ ግቢ ደግሞ በ1867 ታትሞ እስከ ዛሬ የበዓል ካርድ ላይ ይወጣል። ዱሪ ራሱ ግን አላየውም፤ ሊቶግራፉ ከመውጣቱ አራት ዓመት በፊት ሞቷል።

የነሱን እጅ አከብራለሁ። መንደራቸው ግን ለእኔ በጣም ንጹሕ ነው። በረቱ አይሸትም፣ ሰው አይደክመውም። የሆመር ልጆች ላብ አላቸው።

ፊደል ለቃሚው ጋሼ ዘንድ

ቀረጻው ወደ ማለቁ ነው። ለሙከራ ኅትመት ዕድሜያቸውን በሙሉ ማተሚያ ቤት ወደሠሩ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ ያቆሙ ሰው ናቸው። ትንሽ የእጅ ማተሚያ አስቀርተዋል።

እንጨቱን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አይደለም፤ ጎኑን ነው። ከአንድ የእርሳስ ፊደል ጋር አቆሙትና አጎንብሰው ተመለከቱ።

«ቁመቱ ከፊደሉ ያንሳል።»

«ስንት ይቀረዋል ጋሼ?»

«ወረቀት ይሞላዋል፣ አትጨነቂ።»

የእንጨት ቅርጽ ጋዜጣውን የተቆጣጠረበት ምክንያት ይህ ቁመት ነው። የአሜሪካ ፊደል ቁመት ከ23 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያልፋል። እንጨቱም በዚያው ልክ ይዘጋጃል። ስለዚህ ሥዕሉና ጽሑፉ አንድ ላይ ታስረው፣ አንድ ቀለም ተቀብተው፣ በአንድ ጊዜ ይታተማሉ። የድንጋይ ሊቶግራፍ ወይም የመዳብ ቅርጽ ይህን አይችልም፤ ለየብቻ ማተሚያ ይፈልጋል። ርካሽ ባለ ሥዕል ጋዜጣ ሊኖር የቻለው በእንጨት ነው።

ጋሼ መጀመሪያ በስሱ ቀለም ቀብተው አንድ አወጡ። ሣሩ ጥሩ ነው፤ ከሱሪው በታች ያለው ጥቁር ግን ገርጥቷል። «ጥቁሩ ርቦታል፤ እናብላው» አሉኝ። ስስ ወረቀት አምጥተው የጥቁሩን ቦታ ቅርጽ ቆረጡና በማተሚያው መደገፊያ ላይ፣ በትክክል ጥቁሩ በሚያርፍበት ቦታ ለጠፉ። ከዚያ ላዩ ላይ ትንሽ ያነሰ ሌላ ጨመሩ። ሲታተም እዚያ ቦታ ላይ ጫናው ይበረታል፣ ቀላሉ ቦታ ላይ ይለዝባል። ሁለተኛው ወረቀት ሲወጣ ጥቁሩ ሞልቶ፣ የሣሩ ጫፍ ደግሞ ቀጥኖ ቀረ። በሃርፐርስ ማተሚያ ክፍልም ይህንኑ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። የነሱም እጅ ሥዕሉ ውስጥ አለ።

ጋሼ ቀጥለው የጠየቁኝ «ይህ እንጨት ስንት ሺህ ይችላል?» ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋዜጣው በጦርነቱ ጊዜ ከ100 ሺህ በላይ ይታተም ነበር። በዚያን ያህል ኅትመት መጋጠሚያው ሊለቅ፣ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ማተሚያው ውስጥ የሚገባው እንጨቱ ራሱ አልነበረም። እንጨቱን ሰም ላይ ይጫኑታል፤ ቅርጹ ሰሙ ላይ ይቀራል። ሰሙን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የእርሳስ እንጨት ውስጥ ያለውን ዓይነት ጥቁር ዱቄት ይነሰንሱበታል። ከዚያ የመዳብ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ቀስ በቀስ ስስ የመዳብ ቅርፊት ይጋግራል። ያ ቅርፊት ከጀርባው በሌላ ብረት ተሞልቶ ይታተምበታል። ሲያልቅ ሌላ ቅርፊት ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥርዓት ነበራቸው» አሉ።

የመጋጠሚያዋ መስመር

በሙከራው ላይ ሁለቱ የወይራ ቁራጮች የተጋጠሙበት ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ። ሣሩን ከላይ እስከ ታች ያቋርጠዋል። ጋሼ በሰም ልንደፍነው እንችላለን አሉኝ።

አስቤበት ተውኩት። እንዲታይ እፈልጋለሁ። የዚህ ሥዕል ዓይነቶቹ ከብዙ ሰው እጅ የወጡ መሆናቸውን ማንም ሳያስረዳው ለተመልካቹ የምትናገር እሷ ብቻ ናት። ግራና ቀኟ ያለውን ሣር ግን እንደገና አጠናሁት። መስመሮቹ እንዲገናኙ ጥቂት ምት ጨመርኩ። ዋናው ቀራጭ በመጨረሻ የሚሠራው ይህን ነበር።

ኅትመቱ

ለመጨረሻው ኅትመት ቀለሙን ወፈር ያለ ዓይነት አደረግኩት። ቀጭን ቀለም ጥቃቅኑን መስመር ይሞላዋል። ሮለሩ ላይ በጣም ስስ ሆኖ መዘርጋት አለበት፤ ሲንከባለል የሚሰማው ድምፅ ይነግራል። እየተጣበቀ የሚላቀቅ ዓይነት ድምፅ ሲያሰማ በዝቷል፣ ለስለስ ያለ ሹክሹክታ ሲያሰማ ልክ ነው። ጥቂቱን በጋሼ ማተሚያ አወጣን። ሌላውን ቤት ውስጥ፣ ስስ ወረቀት አልብሼ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ እያሸሁ አተምኩት። የማንኪያው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። የቱ ጋ ጫን፣ የቱ ጋ ለቀቅ ማለት እንደሚያስፈልግ እጅ ራሱ ያውቃል፤ ከስሩ ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም።

ተረከዙ ወጥቷል። የቁርጭምጭሚቱ አጥንትም አለ። የጉልበቱ ጥላ ከጋዜጣው ትንሽ ይከብዳል፤ ወይራው ላይ ማዕዘኖቹን ከዚያ በላይ ማጥበብ አልተቻለም፤ ከቦክስውድ ይልቅ ትንሽ ይቦረቦራል። ሌላ ለሚሞክር ሰው የምመክረው፣ ከወይራው ቀለበቶቹ የተጠጋጉበትን፣ ወደ መሃሉ የሚቀርበውን ክፍል እንዲመርጥ ነው። ወደ ልጡ ያለው ለሰፋፊ መስመር ካልሆነ አይሆንም።

ይህ ሙያ ብዙ አልቆየም። ቀድሞ ፎቶግራፍን በቀጥታ እንጨቱ ላይ ማሳረፍ ተጀመረ። ቀጥሎ በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ፎቶን በጥቃቅን ነጠብጣብ ከፋፍሎ በብረት ማተም መጣ። ቀራጭ የማያስፈልግበት ጊዜ ሆነ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቡሪን የያዙ ሰዎች ሌላ ሥራ ፈለጉ።

ቀጣዩ

የተረፈ የወይራ ቁራጭ አለኝ፤ ከመሃሉ የወጣ። የሚቀጥለው ከሆመር ሌላ የሃርፐርስ ሥዕል ነው፤ በጁን 1870 የወጣው። አንዲት ልጅ ደጃፍ ላይ ቆማ ማሳ ላይ ላሉት የምሳ ጥሩንባ ትነፋለች። ነፋሱ ቀሚሷን ይዞታል። ቀሚሱ ነጭ ነው። ነጭ ማለት እንጨት ላይ በሙሉ ተፍቆ የሚወጣ ቦታ ማለት ነው፤ እጥፋቱን የሚይዙት ጥቂት የቀሩ ጥቁር መስመሮች ብቻ ናቸው። ከሣሩ ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው። ሰፊውን ቦታ ለማንሳት ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ቡሪን ያስፈልገኛል፤ ጋሼ አናጺው ከአሮጌ ሞረድ ሊሠሩልኝ ቃል ገብተዋል። እንጨቱ ሰም ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ነው። ሲደርቅ እጀምራለሁ።